ጭራቁ ምን ይፈልጋል? ከሙሚ እስከ ዞምቢ

ጥያቄ፦ «የ17 ዓመት ታናሽ ወንድሜ የጭራቅ ፊልም ከከፈተ ቤቱ ቢቃጠል አይነሳም። ሙሚ፣ ቫምፓየር፣ ዞምቢ፣ ያላየው የለም። አብሬው ልይ ብዬ ስሞክር ግን የድሮዎቹ ያስቁኛል፤ የአሁኖቹ ደግሞ እንቅልፍ ይነሱኛል። ምናቸው ነው የሚጥመው? መፍራት የማይወድ ሰውስ ሊወዳቸው ይችላል? ከተቻለ ከየትኛው ልጀምር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መሃለኛውን ጥያቄ ላስቀድምና፣ አዎ ይችላል። እንዲያውም የጭራቅ ፊልም ወዳጆች ከሚባሉት ብዙዎቹ ፈሪዎች ናቸው። እኔ የፊልም ታሪክ አስተምራለሁ። በየክፍሉ ከጓደኛው ጀርባ ተሸጉጦ በጣቶቹ መሃል የሚያይ ተማሪ አይጠፋም። ፊልሙ ሲያልቅ «ሌላ የለም?» ብሎ ቀድሞ የሚጠይቀውም ብዙ ጊዜ እሱው ነው።

አንቺን የቸገረሽ ፍርሃቱን እየጠበቅሽ መቀመጥሽ ይመስለኛል። የድሮው ሳያስፈራሽ ይቀራል፣ ትስቂያለሽ። የአሁኑ ከልክ በላይ ያስፈራሻል፣ ትዘጊዋለሽ። በሁለቱም ጊዜ ጭራቁን በቅጡ አላየሽውም ማለት ነው። እስቲ ሌላ ጥያቄ ይዘሽ ተቀመጪ፦ ይሄ ጭራቅ ምን ይፈልጋል?

ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ግን ሙሚንና ዞምቢን በዚህ ጥያቄ ብታነጻጽሪያቸው ልዩነታቸው ወዲያው ይታይሻል። ሁለቱም ከሞት የተነሱ ናቸው። ሙሚው፣ በመግነዝ ተጠቅልሎ የደረቀው የጥንት ግብፅ ሬሳ፣ ምንም ያልረሳ ሙት ነው። ስም አለው፣ ቂም አለው፣ የሚወዳት ሴት አለችው። ዞምቢው ሁሉንም የረሳ ሙት ነው። የገዛ እናቱ ፊቱ ብትቆም አያውቃትም። ሌሎቹ ጭራቆች በሁለቱ መሃል ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በሙሚው እንጀምር። ወሬው ሲኒማ ቤት ከመድረሱ በፊት ጋዜጣ ላይ ነበር። በ1922 መጨረሻ ሃዋርድ ካርተር የተባለ እንግሊዛዊ የቁፋሮ ባለሙያ ግብፅ ውስጥ፣ የነገሥታት ሸለቆ በሚባለው ቦታ፣ ቱታንካሙን የተባለውን የጥንት ፈርዖን መቃብር አገኘ። የቁፋሮውን ወጪ የሚሸፍነው ሎርድ ካርናርቨን አምስት ወር ገደማ ቆይቶ ካይሮ ላይ ሞተ። ትንኝ ነድፋው ነበር። የተነደፈበትን ቦታ ጺሙን ሲላጭ ቆረጠው፣ ቁስሉ አመረቀዘ፣ በዚያው ሄደ። ጋዜጦች ግን «ትንኝ ገደለው» ብለው ስንት ቀን ሊሸጡ ይችላሉ? የፈርዖን እርግማን ነው አሉ። ዓለምም አሜን ብሎ ተቀበለ። መቃብሩን በእጁ የከፈተው ካርተር እስከ 1939 ድረስ በሕይወት መቆየቱ ማንንም አላሳሰበም።

አሥር ዓመት ቆይቶ ሆሊውድ ያንን ወሬ ፊልም አደረገው። የ1932ቱን «ዘ ማሚ» የጻፈው ጆን ባልደርስተን ጋዜጠኛ ሳለ ስለዚያው መቃብር መከፈት የዘገበ ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ካርል ፍሮይንድ ደግሞ በጀርመን ሲኒማ ስሙን ያተረፈ የካሜራ ሊቅ ነበር። ይሄ ነገር ለፊልሙ ትልቅ ፋይዳ አለው። ካሜራ የሚያውቅ ሰው ምን ማሳየት እንደሌለበት ያውቃል።

መግቢያውን ረጋ ብለሽ እዪው። ሌሊት ነው። አንድ ወጣት ተመራማሪ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ከሙሚው ጋር የተገኘ ጥንታዊ ጥቅልል ይገለብጣል። እንዳይነካው ተነግሮታል። ቃላቱን በሹክሹክታ ያነባል። ሙሚው ሳጥኑ ውስጥ ቆሟል። የዓይኑ ሽፋን በቀጭኑ ይከፈትና ከውስጥ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ይላል። ደረቱ ላይ የተጣመሩት እጆቹ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ሙዚቃ የለም። ካሜራው ወደ ወጣቱ ይመለሳል። ቀለበት ያደረገ የደረቀ እጅ ከጎን መጥቶ ጥቅልሉ ላይ ያርፋል። ወጣቱ ቀና ይላል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ መሳቅ ይጀምራል። ሳቁ አልቆም ይለዋል። እኛ የምናየው ወለሉ ላይ እየተጎተተ በበሩ የሚወጣ የመግነዝ ጨርቅ ብቻ ነው። ሙሚው ሲራመድ አንድም ጊዜ አላየንም። ሰዎች ሮጠው ሲመጡ ወጣቱ እየሳቀ ትንሽ ሊንሸራሸር ወጣ ይላቸዋል።

ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ ነው። ለዚያች ትዕይንት የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ ፊቱን በጥጥና በሙጫ ሲደራርብ፣ ገላውን በጨርቅ ሲጠቀልል ስምንት ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል። ያ ሁሉ ልፋት ስክሪን ላይ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ሙሚው ጨርቁን አውልቆ፣ ጨዋ ሽማግሌ መስሎ፣ ከሰው ጋር እየተነጋገረ ይኖራል። ሰው እንዲነካው ብቻ አይፈልግም።

ታዲያ ምን ይፈልጋል? ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የሚወዳት ልዕልት ሞተችበት። ሊያስነሳት ሲል የተከለከለ ጥቅልል ሰረቀ፤ ተያዘ፤ ከነሕይወቱ ተቀበረ። አሁን ተነስቶ የሚፈልገው ያቺኑ ሴት ነው። በቃ። ፍቅሩ እውነት ነው፣ ጭካኔውም እውነት ነው፤ ምክንያቱም ልዕልቷን ለማምጣት ዛሬ በሕይወት ያለች ሌላ ሴት መሞት አለባት። እንዲህ አድርገሽ ስታዪው የዝግታው ነገር አያስቅሽም። ያን ያህል ዘመን የጠበቀ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?

በ1940ዎቹ የተሠሩት ተከታታይ ሙሚዎች ግን ሌላ ነገር ናቸው። የማይናገር፣ እግሩን እየጎተተ አንገት የሚያንቅ ፍጡር ሆነ። ልቡ እንዲመታ ሦስት ቅጠል፣ እንዲንቀሳቀስ ዘጠኝ ቅጠል እየተፈላ ይሰጠዋል። የራሱ ፍላጎት ጠፋ፤ ሌላ ሰው ያዘዘውን የሚገድል አገልጋይ ሆነ። ካርቱን ላይ ሁሉም የሚያሾፍበት ሙሚ የመጣው ከእነዚህ ነው። በእኔ ግምት ዘለሽ ብታልፊያቸው የሚቀርብሽ ነገር የለም። በ1959 እንግሊዞቹ የሠሩትን ግን አትለፊው። ክሪስቶፈር ሊ ፊቱ ሁሉ ተሸፍኖ በዓይኖቹ ብቻ ሲተውን ታያለሽ። ወንድምሽ የ1999ኙን ያሳይሽ ይሆናል። እሱ ከአስፈሪነቱ ይልቅ የጀብዱና የቀልድ ፊልም ስለሆነ ሳትፈሪ የምትጨርሺው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። እኔ በሙሚ ፊልሞች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የማደላው ለሙሚው ነው። ሰውየው በመቃብሩ ተኝቷል። ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ቆፍረው አወጡት፣ ሳጥን ውስጥ ከተው ሙዚየም ሊያቆሙት ነው። ከዚያ ሲነሳባቸው ይደነግጣሉ! ግብፃዊው ዳይሬክተር ሻዲ አብደል ሰላም በ1969 በሠራው «አል ሙሚያ» በተባለ ፊልም ይህንኑ ጉዳይ ከግብፃውያኑ በኩል አይቶታል። ታሪኩ በ1881 ከተፈጸመ እውነተኛ ነገር የተነሳ ነው፤ የፈርዖኖችን መቃብር በድብቅ እየከፈተ ዕቃውን ስለሚሸጥ ቤተሰብ። ጭራቅ የለበትም። የሙሚ ፊልሞችን ካየሽ በኋላ ብታዪው ግን ሁሉንም በሌላ ዓይን ታያቸዋለሽ።

ወደ ዞምቢው ከመሻገራችን በፊት መሃል ላይ የቆመውን እንይ። በ1931 የወጣው «ፍራንከንስታይን» ዳይሬክተሩ ጄምስ ዌል ነው፤ ጭራቁን የሚጫወተው ያው ካርሎፍ፣ ሜካፑን የሠራውም ያው ፒርስ። መግቢያው ላይ የተዋናዮች ስም ሲዘረዘር በጭራቁ ተዋናይ ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው የተቀመጠው። ይህ ፍጡር ከሬሳ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ስለሆነ የሚያስታውሰው ነገር የለም። ፍላጎት ግን አለው። ብርሃን ይፈልጋል፣ ጓደኛ ይፈልጋል።

ሐይቅ ዳር ያለችውን ትዕይንት ጠብቂ። አንዲት ትንሽ ልጅ ጭራቁን ስታየው አትሸሽም። እጁን ይዛ ታስቀምጠዋለች። አበባ ሰጥታው እንዴት ውሃው ላይ እንደሚንሳፈፍ ታሳየዋለች። በፊልሙ ውስጥ ሲስቅ የምናየው እዚህ ነው። እጁ ላይ ያለው አበባ ያልቃል። ባዶ እጆቹን ያያል። ቀጥሎ ልጅቷን አንስቶ ወደ ውሃው ይጥላታል፤ እሷም እንደ አበባው የምትንሳፈፍ መስሎት ነው። ሳንሱሮቹ ይህን አልወደዱትምና ቆረጡት። ፊልሙ ለአሥርተ ዓመታት የታየው ጭራቁ እጁን ወደ ልጅቷ ሲዘረጋ ተቋርጦ ነው። ተመልካቹ ከዚያ በኋላ የሆነውን በራሱ ሲሞላው ከተቆረጠው የባሰ ነገር አሰበ። ዛሬ በሚገኙት ቅጂዎች ትዕይንቱ ወደ ቦታው ተመልሷል።

«የድሮዎቹ ያስቁኛል» ላልሽው ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛው፣ ድምፅ ወደ ፊልም ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ስለነበር ብዙዎቹ ከጀርባ ሙዚቃ የላቸውም። እኛ ደግሞ መቼ መፍራት እንዳለብን ሙዚቃ እንዲነግረን ለምደናል። ሁለተኛው፣ የምትስቂበት ነገር ሁሉ የተወለደው እዚያ ነው። አውሎ ነፋስ፣ መብረቅ፣ የእብድ ሳይንቲስት ላቦራቶሪ፣ ችቦ የያዘ የመንደር ሕዝብ። ኮፒዎቹን ሺህ ጊዜ ካየሽ በኋላ ኦሪጅናሉ ቀልድ ቢመስልሽ አይገርምም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ማታ፣ መብራት አጥፍተሽ፣ ስልክሽን ሌላ ክፍል ትተሽ እዪ። የ1930ዎቹ አብዛኞቹ ከ80 ደቂቃ አይበልጡም፤ ይቻላል።

አሁን ዞምቢው። ይሄኛው ከሄይቲ ነው የመጣው። እዚያ ሰዎች በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን በሸንኮራ እርሻ ላይ ባሪያ ሆነው እስኪሞቱ ይሠሩ ነበር። ሞት ቢያንስ ዕረፍት ነው። ከሞት በኋላም ተነስተህ ትሠራለህ ቢሉህስ? የመጀመሪያው ዞምቢ ይህ ነው። ሰው አይበላም፣ አይናከስም። ጠንቋይ ከመቃብር አውጥቶ በነፃ የሚያሠራው የጉልበት ሠራተኛ ነው። አሜሪካ ከ1915 እስከ 1934 ሄይቲን በጦር ይዛ ስለነበር ወሬው ወደ አሜሪካ የገባው በዚያው ሰሞን ነው።

በ1932 በወጣው «ዋይት ዞምቢ» ውስጥ ይህንን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ፊልሙ በአጠቃላይ ያን ያህል አይደለም፤ ትወናው ደረቅ ነው። የስኳር ወፍጮው ትዕይንት ግን እስካሁን አቻ አላገኘሁለትም። ሙታኑ ቅርጫት ተሸክመው በሰልፍ ይሄዳሉ። ሌሎቹ ትልቁን መዘውር እየገፉ ይዞራሉ። እንጨቱ ያቃስታል፣ ከዚያ ሌላ ድምፅ የለም። አንዱ ይንገዳገድና ወፍጮው ውስጥ ይወድቃል። ማንም ዞር ብሎ አያይም። መዘውሩ አይቆምም። ምን ይፈልጋሉ? ምንም። አስፈሪው ነገርም እሱ ነው።

ቀጥሎ 1968 ይመጣል። ጆርጅ ሮሜሮ የተባለ ወጣት ከፒትስበርግ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከ100,000 ዶላር ብዙም በማይበልጥ ገንዘብ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን በጥቁርና ነጭ ሠራ። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር፤ በጥቁርና ነጭ ማን ያውቃል? ወንድምሽ የሚያውቃቸው የዞምቢ ሕጎች ዋና ዋናዎቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። ሙታን በገፍ ይነሳሉ፣ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ የሰው ሥጋ ይበላሉ፣ ጭንቅላታቸው ካልተመታ አይወድቁም። የሚያዛቸው ጠንቋይ የለም። ጌታ የሌላቸው ሙታን ሆኑ። አንጎል ብቻ የሚፈልገው ዞምቢ የመጣው ዘግይቶ፣ በ1985 በወጣ አስቂኝ ፊልም ነው።

በሮሜሮ ፊልም ውስጥ ግን ዋናው ነገር ቤት ውስጥ ነው ያለው። ጥቂት ሰዎች አንድ ገጠር ቤት ውስጥ ተዘግተዋል። ምድር ቤት እንውረድ፣ አይ እዚሁ እንሁን እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ውጭ ያሉት ሙታን ምንም አይጣሉም፤ እርስ በርሳቸው የሚበላሉት በሕይወት ያሉት ናቸው። መሪ ተዋናዩ ድዌን ጆንስ ጥቁር ነው። በዚያን ጊዜ በነጮች መሃል ጥቁር ሰው ነገሩን የሚመራ ጀግና ሆኖ መታየቱ ብርቅ ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው በዚያው ዓመት ነው። የፊልሙን መጨረሻ አልነግርሽም። ስታዪው ግን ያንን ዓመት አስቢ።

ሌላም ጥሩ ዜና አለ። ፊልሙ በነፃ የሚታይ ነው። ስሙን ሊወጣ ሲል ሲቀይሩት አከፋፋዮቹ የባለቤትነት መብት ማሳሰቢያውን ሳይጽፉ ቀሩ። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ማሳሰቢያው ከሌለ መብቱ የለም። ስለዚህ የሁሉም ሰው ንብረት ሆነ። ለሮሜሮ ኪሳራ ነው። ለዞምቢው ግን ትልቅ ሲሳይ ሆነለት፤ ቴሌቪዥን ጣቢያውም፣ ቪዲዮ አከፋፋዩም ያለክፍያ አሰራጨው።

ሮሜሮ በ1978 ሁለተኛውን ሠራ። በዚህኛው ሰዎቹ የሚሸሸጉት ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ነው። እውነተኛ ሞል ነው፤ ቀረጻው የተካሄደው ማታ ማታ ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላ ነበር፣ ለገና የተሰቀለው ማስጌጫ እስኪወርድም ሥራው ተቋርጦ ነበር። ዞምቢዎቹም ወደዚያው ይጎርፋሉ። ለምን መጡ ብላ አንዷ ስትጠይቅ፣ ድሮ ያደርጉት የነበረውን ትንሽ ያስታውሳሉ፣ ይህ ቦታ በሕይወታቸው ትልቅ ቦታ ነበረው የሚል መልስ ታገኛለች። አየሽ፣ ዞምቢው ሁሉንም የረሳ ሙት ነው ብዬሽ ነበር። የእናቱን ፊት ረስቷል፤ የገበያ መንገዱን ግን አልረሳም። ሮሜሮ እየሳቀ ነው የሚናገረው፤ እኔም ይህን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ።

የሚሮጡት ዞምቢዎች በብዛት የመጡት በ2000ዎቹ ነው። በ2002 የወጣው «28 ዴይስ ሌተር» ውስጥ ያሉት እንዲያውም ሙታን አይደሉም። በሕይወት ያሉ፣ ቫይረስ ይዟቸው በንዴት ያበዱ ሰዎች ናቸው። ባዶዋን ለንደን የቀረጹት ገና ሲነጋ፣ መንገድ ለጥቂት ደቂቃ እያስቆሙ፣ በትንንሽ ዲጂታል ካሜራ ነው። አንቺን እንቅልፍ የነሱሽ እነዚህ ይመስሉኛል። ቀስ ብሎ የሚመጣ ዞምቢ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል፤ የሚሮጠው አይሰጥም። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በወዳጆቹ መሃል መቼም አያልቅም። እኔ ከዘገምተኞቹ ወገን ነኝ።

ስለ ቫምፓየር፣ ስለ ደም መጣጩ ሙት፣ ብዙ አልልም፤ በጣም ስለተወራለት። አንድ ነገር ግን እወቂ። በፀሐይ ብርሃን መሞቱ የጥንት ነገር አይደለም። በ1897 በወጣው የድራኩላ ልቦለድ ውስጥ ቫምፓየሩ ቀን ለቀን ይንቀሳቀሳል። ፀሐይ የገደለችው በ1922 ጀርመን ውስጥ በተሠራው «ኖስፈራቱ» ነው። ያንን ፊልም ያለፈቃድ ስለሠሩት የደራሲው ሚስት ከስሳ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲጠፉ አዝዞ ነበር። እንደምንም ተርፎ ዛሬ እናየዋለን።

ከባሕር የሚወጣው የጃፓኖቹ ግዙፍ ጭራቅ ጎድዚላም በጥያቄያችን ሲታይ ለየት ያለ ነው። ምንም አይፈልግም፤ ተኝቶ ሳለ ነው የቀሰቀሱት። በማርች 1954 አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ የሃይድሮጅን ቦምብ ስትሞክር አንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ አመዱ ዘነበባት፤ 23 ሰዎች ነበሩባት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የወጣው ፊልም የሚጀምረው ባሕር ላይ ብልጭታ አይታ በምትቃጠል ጀልባ ነው። የጃፓን ተመልካች ምን እያየ እንደሆነ የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም። ጩኸቱን የሠሩት ደግሞ በቆዳ ጓንት የትልቅ ማሲንቆ መሰል መሣሪያ፣ የኮንትራባስ፣ ክሮችን እየፈተጉ ነው። ስትሰሚው አስቢው፤ ደስ ይላል።

አሁን «እንቅልፍ ይነሱኛል» ወዳልሽው። ድንገት የሚያስደነግጥ ነገር አሠራሩን ካወቅሽው ግማሽ ኃይሉን ያጣል። በ1942 የወጣ «ካት ፒፕል» የሚባል ፊልም አለ። አንዲት ሴት ሌሊት በፓርክ አጥር ጥግ ብቻዋን ትሄዳለች። ከኋላዋ የሌላ ሴት የጫማ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ የኋለኛው ድምፅ ይቆማል። ዞር ትላለች፣ ማንም የለም። ፈጠን ትላለች። ጸጥታው ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ ድንገት አንድ ነገር በኃይል «ፍሽሽ!» ይላል። አውቶቡስ ነው፤ የፍሬኑ ድምፅ። ከመቀመጫሽ ትዘያለሽ፣ ግን ምንም አልሆነም። ፊልም ሠሪዎች ይህን ብልሃት ከዚያ ወዲህ ሲደጋግሙት ኖረዋል። ሦስት ነገር ነው፦ የተለመደ ድምፅ ይጠፋል፣ ጸጥታው ከሚገባው በላይ ይቆያል፣ ከዚያ ከፍ ያለ ድምፅ። ጸጥ ሲል «መጣ» ብለሽ ጠብቂው። ከወንድምሽ ጋር ማን ቀድሞ ይገምታል ብላችሁ ብትወራረዱማ ፍርሃቱ ጨዋታ ይሆናል።

ዓይንሽን ከምትጨፍኚ ድምፁን ቀንሺ። ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ድምፁ ስለሚቀረው የባሰ ይፈራል። ሌሊት ላይ ፊልሙን አይተሽ በቀጥታ አትተኚ፤ መሃል ላይ ሌላ ነገር፣ ቀልድም ቢሆን፣ እዪ። የተቀረጸበትን መንገድ የሚያሳይ ቪዲዮ ካገኘሽ ደግሞ ከፊልሙ በኋላ ተመልከቺው። ጭራቁ የጎማ ጭንብሉን አውልቆ ውሃ ሲጠጣ ያየ ሰው ማታ እምብዛም አይቃዥም።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ በ«ፍራንከንስታይን» ጀምሪ። ቀጥሎ የ1932ቱን ሙሚ። ሁለቱም የካርሎፍ ስለሆኑ አንድ ሰው በሜካፕ ስር ሆኖ በዓይኑና በእጁ ምን ያህል እንደሚናገር ታነጻጽሪያለሽ። ከዚያ ወደ 1968ቱ የሮሜሮ ፊልም ዝለዪ፤ ይህን ብቻሽን አትዪ። ከሱ በኋላ መተንፈስ ያስፈልግሻል። የእንግሊዞቹ «ሾን ኦቭ ዘ ዴድ» (2004) ያስቅሻል፤ ሮሜሮን ካየሽ በኋላ ደግሞ ቀልዶቹ እጥፍ ይሆናሉ። የጃፓኖቹ «ዋን ከት ኦቭ ዘ ዴድ» (2017) ሌላው ነው። የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ያለ ቁርጥ የተቀረጹ ናቸው፤ ደካማ ፊልም የከፈትሽ ይመስልሻል። እንዳትዘጊው። ምንም ሳታነቢ፣ ወንድምሽ ምንም ሳይነግርሽ እዪው።

ከዘመኑ ከሚሮጡት አንድ ብቻ ምረጪ ብትዪኝ የኮሪያውን «ትሬን ቱ ቡሳን» (2016) እመርጥልሻለሁ። ከሴት ልጁ ጋር ባቡር ውስጥ የተዘጋ አባት ነው ታሪኩ። ያስፈራል፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን የምታለቅሺው ከፍርሃት አይሆንም። በእንግሊዝኛ የተቀዳውን ትተሽ በራሳቸው ድምፅ፣ ጽሑፉን እያነበብሽ እዪው፤ የልጅቷ ድምፅ ከተቀየረ ብዙ ነገር ይቀርብሻል።

ለጊዜው የምታቆዪያቸውም አሉ። «ዘ ቲንግ» (1982) እና የሮሜሮ ሦስተኛው የዞምቢ ፊልም (1985) ግሩም ሥራዎች ናቸው፤ የሜካፕ ባለሙያዎቹ ጥበብ ጣሪያ የነካባቸው ናቸው። ግን ሆድ ዕቃ ሲዘረገፍ፣ ሥጋ ሲቀደድ በቅርብ ያሳያሉ። ያ ከፍርሃት የተለየ ነገር ነው፤ ፍርሃትን የለመደ ሰውም ደም ማየት ላይወድ ይችላል። ወንድምሽ «ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው» ብሎ ሊጀምርልሽ ቢል እምቢ በዪው። ከላይ ያሉትን ስትጨርሺ፣ ደሙን ትችዪው እንደሆነ ራስሽ ታውቂዋለሽ።